ክፍያው ሲዘገይ ወለዱን ማን ይክፈል?

በሰሜን ጎንደር ዞን ደጋማ ወረዳዎችና በማዕከላዊ ጎንደሩ ወገራ የቢራ ገብስ የሚያመርት አርሶ አደር ዓመቱን በሁለት ቀን ይቆጥራል። አንዱ የማሳው ነው፤ በሰኔ የተዘራው ገብስ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶና ተወቅቶ ለገዥ ይቀርባል። ሌላው የብድሩ ነው፤ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተወሰደው ገንዘብ መቼ እንደሚመለስ በብድር ውሉ ላይ ተጽፏል። ሁለቱ ቀኖች እስከተገጣጠሙ ድረስ ችግር የለም። ገብሱ ተመዝኖ ከተሰጠ በኋላ የሽያጩ ገንዘብ ሳይገባ የብድሩ ቀን ካለፈ ግን ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም፤ የቅጣት ወለድም ይታከልበታል።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። በግ ወይም ወይፈን ደባርቅ፣ ዳባት ወይም አምባጊዮርጊስ ገበያ ወጥቶ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ከዘመድ ይበደሩታል። ባስ ሲል አራጣ ይገባል። ከሁለት ወር በኋላ ክፍያው ሲመጣ ደግሞ «ገንዘባችን ገባ» ተብሎ ደስታ ይሆናል እንጂ በመካከሉ ለወለድና ለቅጣት የወጣውን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም።

ሊጠየቅ ግን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ ላልተገባ የባንክ ክፍያም ሆነ ለዘገየ የሽያጭ ገንዘብ መልስ አለው። የሚያስቸግረው ጥያቄው ለማን ይቅረብ የሚለው ሲሆን፣ ለዚህም አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ገንዘቡ የት ቆሞ ነው የዘገየው?

ከደባርቅ ጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጃናሞራ ላለ አምራች መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። የገብሱ ገንዘብ የሚጓዘው ጉዞ ግን ከመኪናው ይልቅ የተጠማዘዘ ነው። ገብሱ ከአባላት ተሰብስቦ በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካው ናሙና ወስዶ እርጥበቱን፣ የፕሮቲን መጠኑንና የመብቀል አቅሙን ይለካል። መስፈርቱን ያሟላው ይመዘናል፤ የርክክብ ሰነድ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ከፋብሪካው ወደ ዩኒየኑ፣ ከዩኒየኑ ወደ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ወደ አባሉ ሂሳብ። በየደጃፉ ፊርማ፣ ማኅተም፣ የስም ዝርዝርና የሂሳብ ቁጥር አለ። አንድ የሂሳብ ቁጥር በስህተት ከተጻፈ፣ ወይም በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው የአያት ስም ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ካልገጠመ የዚያ ሰው ገንዘብ ተመልሶ ይቆያል።

ስለዚህ መዘግየት ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገዥው በውሉ ቀን ሳይከፍል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ገዥው ከፍሎ ዩኒየኑ ወይም ማኅበሩ ዝርዝር እስኪያዘጋጅ ይዞት ሊሆን ይችላል። ወይም ገንዘቡ ባንክ ገብቶ እዚያው ቆሞ ይሆናል። ለአርሶ አደሩ ሦስቱም «ገንዘቤ አልገባም» ናቸው፤ በሕግ ግን ተጠያቂው በእያንዳንዱ የተለየ ነው።

ባንኩ ገብሱን አልገዛም

በየወረዳው የሚታየው ልማድ ሁሉንም ቅሬታ ወደ አበዳሪው ተቋም መውሰድ ነው። የወረዳ አመራሮችም አርሶ አደሩን ለመርዳት በቅን ልቦና «ክፍያ ስለዘገየባቸው ቅጣቱ ይነሳላቸው» የሚል ደብዳቤ ለባንክ ይጽፋሉ። ደብዳቤው ባይከፋም የሚመልሰው ነገር ጥቂት ነው። የብድር ውሉ በተበዳሪውና በባንኩ መካከል ነው፤ የገብስ ሽያጩ ውል ሌላ ነው። ገዥው ሳይከፍል በመቆየቱ ባንኩ በውሉ መሠረት ወለድ ቢያስብ ያላግባብ የወሰደው ገንዘብ የለም። ቅጣቱን ቢተው ቸርነት ነው፤ ባይተው ደግሞ መብቱ ነው።

ከባንኩ ሊገኝ የሚችለው የጊዜ ማራዘሚያ ነው። እሱም ቢሆን የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ሲጠየቅ ነው የሚያዋጣው። የገብሱን የርክክብ ሰነድና ገዥው የሚከፍልበትን ቀን የሚያሳይ ውል ይዞ አስቀድሞ የቀረበ ተበዳሪና ቀኑ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ የመጣ ተበዳሪ በባንኩ ዓይን እኩል አይደሉም። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ከ90 ቀን በላይ ክፍያው ያለፈበትን ብድር በተበላሸ ብድርነት ይመድባሉ። የተበዳሪው ታሪክም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይመዘገባል። በቀጣዩ ዓመት ለማዳበሪያ ብድር የሚጠይቅ ሰው ላይ ይህ መዝገብ ከቅጣት ወለዱ የበለጠ ሊከብድ ይችላል።

ባንኩ ራሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አለ። ገዥው ገንዘቡን የላከበት ቀን በሰነድ ይታወቃል፤ በተቀባዩ ሂሳብ ላይ የታየው ግን ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ወይም ገንዘቡ በሂሳቡ ገብቶ፣ ተበዳሪውም ብድሩ ከዚሁ ሂሳብ እንዲቆረጥ በጽሑፍ ፈቅዶ ሳለ ቅርንጫፉ ሳይቆርጥ ቆይቶ እስከ ቆረጠበት ቀን ድረስ ወለድ አስቦበታል። አንድ የአገልግሎት ክፍያ ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ሰውም አለ። በእነዚህ ሁሉ ጥያቄው ምሕረት መለመን አይሆንም፤ ሂሳብ ይታረም የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል።

ለማስረዳት ያህል 50 ሺህ ብር ብድር ያለበትን አርሶ አደር እንውሰድ። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቅጣት ወለዱ 3 በመቶ ነው እንበል። የመክፈያው ቀን አልፎ ሳለ የሽያጩ ገንዘብ መጋቢት 5 ሂሳቡ ውስጥ ገባ፤ ባንኩ ብድሩን የቆረጠው ግን መጋቢት 19 ነው። የ14 ቀኑ ወለድና ቅጣት 364 ብር ይሆናል። ለ364 ብር ብሎ ከዳባት ጎንደር የሚመላለስ ሰው አይኖርም፤ ቢመላለስም አያዋጣውም። ይሁንና ተመሳሳይ ነገር 200 አባላት ባሉት ማኅበር ላይ ከደረሰ ገንዘቡ ከ72 ሺህ 800 ብር በላይ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ አቤቱታ በማኅበሩ ስም፣ የአባላት ዝርዝር ተያይዞ፣ በአንድ ሰው እጅ ቢቀርብ ይሻላል።

አቤቱታው የሚጀምረው ብድሩ ካለበት ቅርንጫፍ ነው። በቃል የተነገረ ቅሬታ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወሳል» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ደብዳቤው ገንዘቡ የተላከበትን ቀን፣ ሂሳቡ ላይ የታየበትን ቀን፣ ያላግባብ የተቆረጠውን መጠንና የሚጠየቀውን ተመላሽ በብር ገልጾ ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለባንኩ ገቢ ይሆናል፤ ሌላው ቀንና ማኅተም ተደርጎበት በአቤቱታ አቅራቢው እጅ ይቀራል። የሂሳብ መግለጫውና በስልክ የመጡት የባንክ መልእክቶች ማስረጃ ስለሆኑ መልእክቶቹን ማጥፋት አይገባም። ስልክ የሚቀይር ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ቅርንጫፉ ካልመለሰ የባንኩ የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ዋናው መሥሪያ ቤት አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአውሮፓውያኑ 2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የቅሬታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲኖራቸውና የሚያስከፍሉትን ክፍያ ለደንበኛው አስቀድመው በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በተቋሙ ውስጥ መልስ ያጣ ደንበኛ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል። ግን ማኅተም ያለበት የመጀመሪያ ደብዳቤ ካልያዘ በተቋሙ ውስጥ መጠየቁን በምን ያሳያል?

«ኔትወርክ የለም» የሚለው መልስም መመዘን አለበት። የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ከወጣና ብሔራዊ ባንክ ባንኮችን የሚያገናኘውን አውቶማቲክ የማስተላለፊያ ሥርዓት ከዘረጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በዕለቱ ይሄዳል። በደጋማ ወረዳዎች የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ፣ በጸጥታ ችግርም ቅርንጫፍ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ነገር ከተረጋገጠ የጉዳት ካሳ ላይጠየቅ ይችላል፤ ከአቅሜ በላይ ሆነ የሚለው ወገን ግን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቅርንጫፉ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ከነበረ ሦስት ቀን ያስረዳል። 14 ቀን አያስረዳም።

ገዥው ሲዘገይ 9 በመቶ

አብዛኛው መዘግየት ገንዘቡ ባንክ ከመድረሱ በፊት ከሆነ ወለዱን የሚተካው ገዥው ነው። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለአርሶ አደሩ ከሚታሰበው በላይ ይረዳዋል። በአንቀጽ 1803 መሠረት የገንዘብ ዕዳውን በጊዜው ያልከፈለ ወገን ላዘገየበት ጊዜ ወለድ መክፈል አለበት። ውሉ መጠኑን ካልወሰነ ወለዱ በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። ባለገንዘቡ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም፤ መዘግየቱ ራሱ በቂ ነው።

ያንኑ አርሶ አደር እንመልሰው። 120 ሺህ ብር የሚያወጣ ገብስ ታኅሣሥ 20 አስረከበ፤ ውሉ በ15 ቀን ውስጥ ይከፈላል ይላል፤ ስለዚህ ጥር 5 መከፈል ነበረበት። የተከፈለው መጋቢት 5 ነው። 60 ቀን ዘግይቷል። በ9 በመቶ የ60 ቀኑ ወለድ 1 ሺህ 775 ብር ይመጣል። ጥር 5 ተከፍሎት ቢሆን በዚያው ቀን ሊዘጋው ይችል የነበረው የ50 ሺህ ብር ብድር ደግሞ በ60 ቀኑ 1 ሺህ 315 ብር ወለድ አስወጥቶታል። የመክፈያው ቀን ጥር 30 ቢሆንና ከዚያ ወዲህ ለ35 ቀን 3 በመቶ ቅጣት ቢታሰብበት 144 ብር ይጨመራል። ድምሩ 1 ሺህ 459 ብር ነው። ገዥው በሕግ የሚከፍለው ባንኩ የወሰደበትን ሸፍኖ ትርፍ አለው። ለ200 አባላት ሲሰላ ገዥው የሚከፍለው የመዘግየት ወለድ ከ355 ሺህ ብር ይበልጣል፤ ይህም አንድ ማኅበር ከአንድ ገዥ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር የሚያደርግ ገንዘብ ነው።

ሆኖም ወለዱ በራሱ መቁጠር አይጀምርም። ሕጉ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል ይላል። «በውላችን መሠረት ጥር 5 መክፈል ነበረባችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንድትከፍሉ እናስጠነቅቃለን» የሚል ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ መድረስ አለበት። ብዙ ማኅበራት ገዥውን ላለማስቀየም ይህን ደብዳቤ አይጽፉም፤ በስልክ ይጠይቃሉ፣ ሽማግሌ ይልካሉ። በወዳጅነት መጠየቁ ነውር ባይሆንም ደብዳቤ ባልተጻፈበት በእያንዳንዱ ሳምንት አባላት የወለድ መብታቸውን እያጡ ነው። በውሉ ላይ «የመክፈያው ቀን ካለፈ ያለማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል» የሚል አንድ መስመር ካለ ግን ደብዳቤው አያስፈልግም፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል።

ሌላ አንድ ነገር አለ። የባንክ ወለዱ ከ9 በመቶው በላይ ሆኖ ብድሩም ከሽያጩ ገንዘብ ከበለጠ 9 በመቶው ጉዳቱን ላይሸፍን ይችላል። ውሉ ሲፈረም አምራቹ ብድር እንዳለበትና ክፍያው ከዘገየ ቅጣት እንደሚያርፍበት ለገዥው ተነግሮት ከነበረ ግን የደረሰውን ጉዳት በሙሉ መጠየቅ ይቻላል። ይህ እንዳይካድ በውሉ መጻፍ አለበት።

ገዥው በቼክ ከከፈለና ቼኩ ገንዘብ ከሌለው ጉዳዩ ከወለድም ያልፋል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ማኅበሩ ባንኩ ቼኩን የመለሰበትን ማስረጃ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ማኅበሩ ራሱ ሲይዘው

ለመናገር የሚከብደው ይኼኛው ነው፤ ዩኒየንና ማኅበር የአርሶ አደሩ የራሱ ናቸውና። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከገዥው ገብቶ ዝርዝር ባለመጠናቀቁ፣ ሂሳብ ባለመመርመሩ፣ ወይም ሁለት ፈራሚዎች ባለመገናኘታቸው ለሳምንታት ሲቀመጥ የሚቆጥረው ወለድ ያው የአባሉ ነው። ገዥው ተጠያቂ አይሆንም፤ ከፍሏል። ባንኩም አይሆንም። አባሉ የሚጠይቀው ማኅበሩን ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በማኅበሩና በአባላቱ መካከል የሚነሳ አለመግባባት በቅድሚያ በዕርቅና በሽምግልና ዳኝነት ይታያል። የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ ከሚያደርጉት የሂሳብ ምርመራ ጋር አንድ ቀላል ጥያቄ ቢጨምሩ ችግሩ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ ከገዥ የገባው ገንዘብ በስንት ቀን አባላት ሂሳብ ደረሰ? መልሱ በሁለት የባንክ መግለጫዎች ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በፍጥነት መክፈል እንደማይቻል አድርጎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሻጩን ገንዘብ ግብይቱ በተፈጸመ ማግስት ወደ ባንክ ሂሳቡ ያስገባል። የመተማ ሰሊጥ የሸጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። እዚያ ገዥው አስቀድሞ ገንዘቡን በባንክ ካላስቀመጠ መግዛት ስለማይችል «ገንዘብ እስክናገኝ ታገሱን» የሚባል ነገር የለም። የቢራ ገብስ በቀጥታ ውል ስለሚሸጥ ይህ አጥር የለውም፤ ያለው አጥር ውሉ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች የመክፈያውን ቀን ለውል ብቻ አልተዉትም። ሕንድ በአውሮፓውያኑ 1966 ባወጣችው የሸንኮራ አገዳ ደንብ ፋብሪካው አገዳውን በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፣ ካዘገየ በዓመት 15 በመቶ ወለድ እንዲጨምር ታስገድዳለች። ደንቡ እያለም የሕንድ ስኳር ፋብሪካዎች ለገበሬው የሚያከማቹት ውዝፍ በየዓመቱ ያከራክራል፤ ይህም ሕጉ ብቻውን እንደማይከፍል ያሳያል። ሆኖም ገበሬው ወለዱን ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆምበት መሠረት አለው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሚበላሹ የግብርና ምርቶች ከ30 ቀን፣ ለሌሎች ከ60 ቀን በላይ ክፍያ ማቆየትን ከልክሏል።

በእኛ አገር የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አምራቹና አስመራቹ የሚገቡት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያደርጋል። በየዓመቱ ከዘር በፊት የሚፈረሙት የገብስ ውሎች ላይ አምራቾች በብዛት የሚከራከሩት በዋጋው ነው፤ የመክፈያው ቀን «ከርክክብ በኋላ» ተብሎ በሁለት ቃል ይታለፋል። «ከርክክብ በኋላ» ማለት ማግስቱም ሊሆን ይችላል፣ ፋሲካም ሊሆን ይችላል። ዳኛም ሆነ ሽማግሌ ከዚህ ተነስቶ ወለድ ማስላት ይቸገራል።

የሚቀጥለው ውል ከዘር በፊት በግንቦት ወይም በሰኔ ሲፈረም በአንቀጾቹ መካከል እንዲህ ያለ ሐሳብ መግባት ይችላል፤ «ገዥው የጥራት ውጤቱ በታወቀ በ15 ቀን ውስጥ ሙሉውን ዋጋ በአምራቹ የባንክ ሂሳብ ያስገባል። ይህ ቀን ካለፈ ያለማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ተቆጥሮ ለዘገየው ጊዜ ወለድ ይከፍላል። አምራቹ የግብዓት ብድር ያለበት መሆኑን፣ ክፍያው ከዘገየም አበዳሪው የቅጣት ወለድ የሚያስብበት መሆኑን ገዥው አውቆ ፈርሟል።» ከዚያም የብድሩ መክፈያ ቀን ከሽያጩ መክፈያ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ዘግይቶ እንዲውል ከባንኩ ጋር መስማማት፤ ባንኮችም የገብሱን ውል ካዩ ይህን ቀን ከምርቱ ጋር ማጣጣም አይከብዳቸውም።